አጥብቃችሁ አስራችሁ አትደሩ፦ በላስቲክ ስለመጠምጠም ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው እሁድ ጠዋት ደሴ ውስጥ አንድ የሰፈር ሜዳ ዳር ቆሜ ነበር። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እያነከሰ መጣ። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ እግሩን አሳየኝ። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ አጋማሽ በጥቁር ካላማዳሪ ተጠምጥሟል። ጎሚስታ ቤት የተጣለ የሳይክል ካላማዳሪ ነው፤ በመቀስ በቁመቱ ተሰንጥቋል። የእግሩ ጣቶች ነጣ ብለዋል። ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ።

«መቼ አሰርከው?» አልኩት።

«ትናንት ማታ፣ እትዬ። እንዲህ ታስሮ ካደረ በሦስት ቀን ይድናል ይላል።» ስልኩን አወጣና አንድ ጽሑፍ አሳየኝ።

መጀመሪያ ላስቲኩን ፈታሁለት። ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ጽሑፉ ባጭሩ ይህን ይላል። ወለም ያላችሁን ቦታ በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ላስቲኩ «የተበላሸውን ደም» ጨምቆ ያወጣል። በጠበቀ ቁጥር ይሻላል፤ ካመማችሁ እየሠራ ነው። አስራችሁ እደሩ። ወጌሾቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው። ለቁርጭምጭሚት ብቻ ሳይሆን ለጉልበትም፣ ለታፋም፣ ለወገብም ይሆናል። እብጠቱ ሲጎድል ታኬታችሁን አጥልቁና ሜዳ ግቡ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፉ አስበው እንዳልጻፉ ግን ከአጻጻፋቸው ይገባኛል። ልጆቹ ገንዘብ የላቸውም። ብዙዎቹ ለአንድ ወለምታ ሆስፒታል አይሄዱም። ለእነሱ በእጃቸው ባለ ነገር መላ መፈለጋቸው ደግ ሐሳብ ነው። እኔም የምጽፈው ለእነዚያው ልጆች ስል ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግኩ። በላስቲክ መጠምጠምን ራሴም እሠራበታለሁ። ስለዚህ ከላስቲኩ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአጠቃቀሙ ጋር ነው።

«የተበላሸ ደም ጨምቆ ያወጣል» ከሚለው ልጀምር። እግር ወለም ሲል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከቁርጭምጭሚት በስተውጭ ያለው ጅማት ነው። እግሩ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል፤ ሲብስም ይበጠሳል። ትንንሽ የደም ሥሮችም አብረው ይቀደዳሉ። ከደም ሥር ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ የሚጠግኑ ሴሎችን ይዞ ይመጣል። እብጠት የምንለው ይህ ነው። የተበላሸ ነገር የለውም። ጥገናው የተጀመረው በእሱ ነው። ሲበዛ ግን ያማል፤ መገጣጠሚያውንም እንዳይታጠፍ ይይዘዋል።

ማሰር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ለዘብ ያለ ግፊት ሲኖር ከደም ሥር የሚወጣው ፈሳሽ ይቀንሳል። የወጣውም በደም መልስና ትርፍ ፈሳሽ በሚሰበስቡት የሊምፍ ቧንቧዎች በኩል ቀስ እያለ ይመለሳል። እግርን ትራስ ላይ ከልብ ከፍ አድርጎ መተኛት ሲጨመርበት ደግሞ የበለጠ ያግዛል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን ፈሳሹ የሚመለስባቸውን ቧንቧዎች እናስባቸው። ደም ከልብ የሚያመጡት ሥሮች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ግፊታቸውም ከፍ ያለ ነው። የሚመልሱት ግን ስስ ናቸው፤ ግፊታቸውም ዝቅተኛ ነው። አጥብቀን ስናስር መጀመሪያ የሚዘጋው መመለሻው ነው። ደም መግባቱን ሳያቆም መውጫው ይዘጋል። ከላስቲኩ በታች ያለው እግር የባሰ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ይወጣል ያሉት ፈሳሽ በዚያ ሁኔታ ይባስ ብሎ ይጠራቀማል።

በነገራችን ላይ ማሰር አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚሉትን አራት ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ ጻፈ። «ራይስ» የሚባለው ምክር ከዚያ የመጣ ነው። እሱ ራሱ በ2014 ስለ በረዶውና ስለ ሙሉ እረፍቱ ሐሳቡን ቀየረ፤ ፈውሱን ሊያዘገዩ ይችላሉ አለ። በ2020 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣው አዲሱ ምክር ደግሞ በረዶውን ትቶ ማሰሩን አቆይቶታል። ግን ማሰር ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ቢሆንም፣ ያ ምክር የሚጨርሰው በእንቅስቃሴ ነው። በዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በጠበቀ ቁጥር ይሻላል፣ አስራችሁ እደሩ።»

ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገዋቸዋል። አንደኛው የሚለጠጥ ፋሻ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ቀለሙ የሰው ቆዳ የሚመስለው። ይህ አዲስ ጉዳት ላይ ለዘብ ተደርጎ ይታሰራል፤ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ጂም ቤት «ፍሎስ ባንድ» የሚሉት ወፍራም የጎማ ላስቲክ ነው። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካዊው ፊዚዮቴራፒስት ኬሊ ስታሬት በሰፊው ያስተዋወቀው ይህንን ነው። እሱ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ግን ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መገጣጠሚያውን ታንቀሳቅሳላችሁ። ከዚያ ትፈቱታላችሁ። አለቀ።

ጽሑፉ ጥብቅነቱን ከአንዱ፣ ቆይታውን ከሌላው ወስዶ አጋባቸው። እሁድ ዕለት ልጁ እግር ላይ ያየሁት ይህ ጋብቻ ነው።

ይህ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። 11ኛ ክፍል እያለሁ መረብ ኳስ እጫወት ነበር። መረቡ ሥር ዘልዬ ስወርድ የሌላ ልጅ እግር ላይ አረፍኩ። ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። ከቡድናችን አንዷ፣ የምትወደኝ ጓደኛዬ ናት፣ ካላማዳሪ አምጥታ ከእግሬ ጫፍ ጀምራ እስከ ጉልበቴ ሥር ጠመጠመችኝ። ቤት ገባሁና እንደታሰርኩ ተኛሁ። መጀመሪያ ላይ በእውነት ደስ ይል ነበር። ሕመሙ ቀለል አለኝ። ሌሊት ላይ እግሬ ይወረኝ ጀመር። እየሠራ ነው ብዬ ቻልኩት። ንጋት ላይ ጣቶቼን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ስጮህ እናቴ ደርሳ በምላጭ ቆረጠችልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያለች እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታሸው አረፋፈደች። ፊቷ ግን እንደ አመድ ነበር።

ወለምታው በ3 ሳምንት ተሻለኝ። የእግሬ ጫፍ ግን ለ5 ሳምንት አልነሳ አለኝ። ስራመድ ጣቴ መሬት ይጎትታል። የደሴን ዳገትና ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኮብልስቶኑ ሁሉ ያደናቅፈኝ ነበር።

ያኔ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። አሁን አውቃለሁ። ከጉልበታችሁ በታች፣ በውጭ በኩል ዳብሱ። ጉብ ያለች አጥንት ታገኛላችሁ። የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሱትን ጡንቻዎች የሚያዘው ነርቭ በዚያች አጥንት ሥር ዞሮ ያልፋል፤ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። ላስቲክ እዚያ ላይ ሌሊቱን ሲጫን ነርቩ ይደክማል። የእኔው ተመለሰ። የሁሉም ሰው ግን አይመለስም።

ሌሊቱ ለምን የተለየ ሆነ? እብጠት በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን እየጨመረ ይሄዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ልክ የነበረ ማሰሪያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያንቃል። ላስቲኩ አልተቀየረም፤ ውስጡ ያለው እግር ወፈረ። ጎማ ደግሞ ቢተኙም ቢቀመጡም መጭመቁን አይተውም። ንቁ የሆነ ሰው ሲያመው ይፈታዋል። የተኛ ሰው ግን አይሰማውም። ደም ፈጽሞ ከተቋረጠ 6 ሰዓት ገደማ ሲሞላ ጡንቻው መሞት ይጀምራል፤ የሞተ ጡንቻም አይመለስም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በእኩል ጉልበት የተሳበ ላስቲክ በወፍራም ታፋና በቀጭን ቁርጭምጭሚት ላይ እኩል አይጫንም። ቦታው በቀጠነ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። አንዱ ዙር በሌላው ላይ ሲደረብም ግፊቱ ይደመራል። ስለዚህ የ25 ዓመት ተከላካይ ታፋው ላይ የቻለው አጠማጠም የ13 ዓመት ልጅ ቁርጭምጭሚት ላይ ሌላ ነገር ነው። ሕፃናት ላይ በምንም ዓይነት ጎማ አታስሩ።

«ካመማችሁ እየሠራ ነው» የሚለውን አባባል ብችል ከሜዳው ሁሉ ባጠፋው ደስ ይለኛል። ልጆቻችን ሕመም መቻልን እንደ ጀግንነት ተምረዋል። «ወንድ ልጅ ቻል ያደርጋል» ይባላሉ። ማሰሪያ ላይ ግን ሕመም አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ፍቱኝ እያለ ነው። መደንዘዝም፣ መውረርም፣ መቀዝቀዝም እንደዚያው ነው። ካሰራችሁ በኋላ የእግሩን አውራ ጣት ጥፍር ተጫኑት። ይነጣል። ስትለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ መመለስ አለበት። ከዘገየ ላስቲኩን አላሉት። ይህን ከ10 ደቂቃ በኋላ ድገሙት፤ አንድ ሰዓት ቆይታችሁም ድገሙት። ሲተኛ ደግሞ ፍቱት። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ይተኛ። ጠዋት እንደገና ማሰር ይቻላል።

ስለ ወጌሾች የተጻፈው ልቤን ነክቶታል። ወጌሻን የማከብር ሰው ነኝ። ኳስ ስናይ እንኳ ተጫዋች ሲወድቅ «ወጌሻው ገባ» ነው የምንለው፤ በዚያ ስም መጠራቴ ያኮራኛል። ሰፈራችን አንድ አዛውንት ወጌሻ ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ። ግን እሳቸው ያሰሩትን ትተው አይሄዱም ነበር። በማግስቱ ጠዋት በራሳቸው እግር ይመጣሉ። «ጣትህን አንቀሳቅስ እስቲ» ይላሉ። ካበጠ ያላሉታል። ቡና ተፈልቶ ጀባ ሲባሉ እንኳ ዓይናቸው ከልጁ እጅ ላይ አይነሳም። ጽሑፉ ከእሳቸው ጥበብ ማሰሩን ወሰደ፤ ማግስት መምጣቱን ግን ጣለው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ወጌሻ እንደ እሳቸው አይደለም። በቀርከሃና በጨርቅ ከመጠን በላይ ተጠብቆ የታሰረ እጅ ወይም እግር ሞቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ በሀገራችን ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው መዝግበዋል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ለሥልጠና በገባሁበት አንድ ሆስፒታል እጁ ከክርኑ በታች የተቆረጠ ልጅ አይቻለሁ። ስብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር፤ እጁን ያጣው በማሰሪያው ነው። እንግዲህ «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው» የሚለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከጥንት የወረስነው ጥበቡንም ጉዳቱንም ነው።

«ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን በቶሎ ልለፈው። ለወገብ አይሆንም። ሆድና ወገብን በጎማ ማነቅ ትንፋሽን ከማሳጠር በቀር የሚረዳው ነገር የለም። የታፋ ጡንቻ ተቀድዶ ከሆነ ለዘብ ያለ ፋሻ ይረዳል፤ ጎማ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይነካውም። ጉልበት ተጎድቶ ወዲያው በሰዓታት ውስጥ እንደ ኳስ ካበጠ ውስጡ ደም ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ቁስል ያለበት ቆዳ ላይ አይታሰርም። እግሩ ውስጥ ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ በስኳር ሕመም እግሩ የሚደነዝዘው፣ የደም ሥሩ ያበጠበት፣ ወይም ጎማ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው በላስቲክ አይጠምጠም።

ስብራት ላይ ግን ቆም ልበል። ጽሑፉ ስለ ስብራት አንድም ቃል አላነሳም። ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ወለምታ ይሁን ስብራት በዓይን መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ የወጣ ቀላል መመሪያ አለ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ልጆች ሆይ፣ ይህንን ያዙልኝ። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጉብ ያሉትን ሁለት አጥንቶች በኋላ ጠርዛቸውና በጫፋቸው ተጫኗቸው። በመሃል እግር ውጫዊ ጎን፣ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስትመጡ ጉብ የምትለውን አጥንትም ተጫኑ። በውስጠኛው ጎን፣ ከእግር ቅስት በላይ ያለችውንም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ አጥንቱ ላይ ካመመ ራጅ ያስፈልጋል። እንደ ተጎዳም ሆነ አሁን፣ እያነከሰም ቢሆን 4 እርምጃ መራመድ ካቃተውም ራጅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ላስቲክ አይታሰብም።

ታዲያ ያ የ2 ደቂቃው ላስቲክ ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል። ወለምታው ከርሞ እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ቁርጭምጭሚት ድርቅ ይላል። ቁልቁለት ሲወርዱ ይታወቃል፤ ጉልበት ከእግር ጣት አልፎ ወደፊት አልሄድ ይላል። በዚያን ጊዜ ከጣት በኩል ጀምሬ ወደ ላይ እጠመጥማለሁ። እያንዳንዱን ዙር ከፊተኛው ግማሹን አስደርባለሁ። ላስቲኩን እስከ መጨረሻው አልስበውም፤ በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሰውየው ቁጭ ብድግ ይላል፣ እግሩን ያሽከረክራል። 2 ደቂቃ ሳይሞላ እፈታዋለሁ። ብዙዎቹ ወዲያው ቀለል አለኝ ይላሉ። ጥናቶቹም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። በአብዛኛው ትንንሽ ጥናቶች ናቸው፤ የመገጣጠሚያው መታጠፍ ለአጭር ጊዜ ጥቂት እንደሚጨምር አሳይተዋል። በምን መንገድ እንደሚሠራ ባለሙያዎቹ እስካሁን ይከራከራሉ። የተበጠሰ ጅማት በላስቲክ ቶሎ ገጠመ የሚል ማስረጃ ግን የለም። እኔ የማስረው ያቺን የቀለለች ሰዓት አግኝቼ እንቅስቃሴ ለማሠራት ነው። ላስቲኩ በር ይከፍታል፤ የሚገባበት ሥራው ነው።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥባቸው ይወስደኛል። «እብጠቱ ሲጎድል ግቡ።» በጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች ከኳስ የቀሩት በዚህ ነውና። እብጠት የሚጎድለው በቀናት ነው። ጅማት ግን አዲስ ክር ሠርቶ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ክሩ ተስተካክሎ እስኪጠነክር ወራት ይወስዳል። በሦስተኛው ቀን ሜዳ የገባ ልጅ ያበጠ ነገር አይታይበትም፤ ጅማቱ ግን ገና ነው። ሁለተኛ ወለም ይላል። ሦስተኛ ይደግማል። ከዚያ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ እንኳ እግሩ ይከዳዋል።

ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። ጅማት ውስጥ እግር የት እንዳለ ለአእምሮ የሚናገሩ ነርቮች አሉ። እነሱም ይጎዳሉ። መልሶ የሚያሠለጥናቸው በአንድ እግር መቆም ነው። ዋጋ የለውም፤ ዕቃ አይፈልግም። ጥርሳችሁን ስትቦርሹ በአንድ እግር ቁሙ። ሲቀላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሲቀል ደግሞ ትራስ ላይ ቁሙ። ይህ ልምምድ ዳግመኛ ወለም ማለትን እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ቀስ ብሎ ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ዝላይ፣ ከዚያ ማጠፍና መዞር፤ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በተጎዳው እግር መዝለሉ ከጤነኛው ጋር እኩል ካልሆነ ለጨዋታ አልደረሰም። ሲመለስም ለጥቂት ወራት የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ቢያደርግ ይረዳዋል።

ላስቲኩን የፈታሁለት ልጅ ረቡዕ ቤቴ ድረስ መጣ። አጥንቶቹን እሁድ ዕለት ተጭኛቸው ነበር፤ ደህና ናቸው፤ መራመድም ችሏል። ጣቶቹ ሞቀዋል። በጤነኛው እግሩ 30 ሰከንድ ቆመ። በተጎዳው 11 ሰከንድ። «እትዬ፣ ለእሁዱ ጨዋታ እደርሳለሁ?» አለኝ። «አትደርስም» አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ታኬታውን ትቶ ሜዳ እንዲመጣ ነገርኩት። ሌሎቹ ሲያሟሙቁ እሱና እኔ ዳር ላይ በአንድ እግር መቆም እንለማመዳለን። የጽሑፉ ባለቤትም ደሴ ካሉ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይምጡ። ላስቲካቸውን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የ2 ደቂቃውን አጠማጠም አብረን ለልጆቹ እናሳያቸዋለን።